ግን ያሉለት አባት

የዚህችን አገር ነገር ያወሩኝ ሦስት ሰዎች በሦስት ስም ስለጠሯት፣ አንዱን መርጬ ከምሳሳት ስሟን ብተወው ይሻላል። ሕጓን ግን ሦስቱም በአንድ ቃል ነግረውኛል። አሁን «ግን» የምትለዋን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። በዚያች አገር ብሆን ኖሮ ስሜ ወዲያው ይጻፍ ነበር፤ እዚያ «ግን» ያለ ሰው ዋስ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥፋት ያጠፋ ሰው በፍርድ ደጅ ይቆማል። ከሳሽ ጥፋቱን ይናገራል። ከዚያ ዳኛው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ለዚህ ሰው ግን የሚል አለ?» ብሎ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። አንዱ ተነሥቶ «ሰርቋል፤ ግን ርቦት ነው» ካለ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሌባው ዋስ ይሆናል። ሌባው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳግመኛ ቢሰርቅ የሚታሰረው ዋሱ ነው። ከአንድ ገበታ የሚበሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ዋስ መሆን አይችሉም።

በደጉ ዘመን ይህ ሕግ ብዙ ሰው ከእስር አውጥቷል ይባላል። እየዋለ እያደረ ሕዝቡ ተማረ። ወንድም ለወንድሙ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ «ግን» ማለት ፈራ። ቃሏ ከገበያም ጠፋች። «ሽንኩርቱ ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ ያደርጋሉ፤ ከዚያ «ተወደደ» ይላሉ። እንግዳ ሰው ሲሰማቸው አገሩ ሁሉ አስም ያለበት ይመስለው ነበር።

ይህ የተዋጠ ትንፋሽ ሁሉ መውጫ ያገኘው በመስኮቱ ነው።

የአገሪቱ ገዥ «ታላቁ አባት» ይባላሉ። በአንድ ወቅት መስኮት የሌለው ትልቅ አዳራሽ አሠሩና፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሸማ አስወጠሩ። ከሸማው ጀርባ መብራት አለ። በመብራቱና በሸማው መካከል ከቆዳ የተቆረጡ ምስሎች ይንቀሳቀሳሉ፤ ሕዝቡ ጥላቸውን ያያል። ሸማው «መስኮት» ተባለ። በየእሑዱ ከምሳ በኋላ አንድ ምዕራፍ ይታያል። መቅረት አይከለከልም። የቀረ ሰውም አልነበረም።

በመስኮቱ የሚታየው የንጉሥ ዛጎል ታሪክ ነው። ዛጎል ክፉ ነው። ወንድ ልጁን ለጠላቱ መያዣ አድርጎ ሰጥቷል። የወንድሙን መንደር አቃጥሏል። ትንሿን ልጁን ግንብ ውስጥ ዘግቶባት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዲት የወንዝ ምዕራፍ አለች። ልጅቱ ገና ከመታሰሯ በፊት ጎርፍ ጫማዋን ይወስድባታል። ንጉሡ ዘብ ሳያስከትል፣ ካባውን አውልቆ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያንን ጫማ ይፈልጋል። ሲያገኘው ክንዱ ላይ አጋድሞ እንደ ሕፃን ያቅፈዋል። ከዚያ ያለቅሳል። አዳራሹም ያለቅሳል።

«አረመኔ ነው!» ይላል አንዱ ከኋላ። «ግን አባት ነው!»

«ግን እሱም እኮ በልጅነቱ ተገርፏል!»

«ግን ይወዳታል! የዘጋባት ስለሚወዳት ነው!»

የቆዳ ቁራጭ ዋስ ቢሆኑት ምን ያመጣል? አይሰርቅ፣ አይታሰር። ሳምንቱን ሙሉ ትንፋሹን ሲውጥ የከረመ ሰው እሑድ አምስትም ስድስትም ግን ብሎ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ችግሩ ሕጉ ነው። ሕጉ «የተባለ ግን ሁሉ ይጻፍ» ይላል እንጂ፣ የት እንደተባለ አይለይም። ስለዚህ በመስኮቱ አጠገብ በትንሽ ኩራዝ የሚጽፍ አንድ ሹም ተቀመጠ። የግን ጸሐፊ ይባላል። በዚህ ታሪክ ዘመን ጸሐፊው ምናሉ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ስሙ ከሥራው ጋር ስለገጠመ መንገድ ያገኘው ሰው ሁሉ «ምናሉ፣ ዛሬስ ምን አሉ?» እያለ ይቀልድበታል። ምናሉ ቀልዱን በሰማ ቁጥር የቀላጁን ልብ ላለማሳዘን ትንሽ ፈገግ ይላል።

መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው። በመጀመሪያው «ምን አጠፋ»፣ በሁለተኛው «ማን ግን አለ»፣ በሦስተኛው «ለማን»። ምናሉ ጠንቃቃ ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች «ግን» የምትለዋን ብቻ ይጽፉ ነበር፤ እሱ ከግን በፊት የተባለውንም ቃል በቃል ያሰፍራል። እርግጠኛ ካልሆነ ተናጋሪውን በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ጸሐፊ ራሱ ግን ማለት አይፈቀድለትም፤ ካለ ከሥራው ይወጣል። እሱም ቢሆን በወንዙ ምዕራፍ ዓይኑ ይረጥባል። ጫማ ፍለጋ ወንዝ የገባ ሰው ጨርሶ ክፉ ሊሆን አይችልም ብሎ ያምን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነዋል። እትዬ ጠጂቱ የሚባሉ ክር ፈታይ ነበሩ። ወንድማቸው በሰው ገብስ በቅሎ አብልቷል ተብሎ ሲከሰስ ዳኛው ሦስት ጊዜ ቢጠይቅ ዝም ብለው መሬት መሬት ያዩ ናቸው። እሑድ እሑድ ለዛጎል ከሁሉም ቀድመው ግን የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ምናሉ አንድ ቀን፣ ቃላቸውን ለማረጋገጥ በሄደበት፣ ደፈረና ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ለወንድምዎ ያላሉትን ለዛጎል እንዴት አሉት?»

እትዬ ጠጂቱ እንዝርታቸውን አቆሙ። «ወንድሜማ ከተፈታ ይመጣል የኔ ልጅ። ቤቴ ይመጣል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳደባል። ዛጎል መጥቶብኝ አያውቅም።»

ምናሉ ይህን የሚጽፍበት ዓምድ ስላልነበረው በልቡ ያዘው።

አዳራሹ ሌሎች ሹማምንትም ነበሩት። የእንባ አጋፋሪው ነጭ ጨርቅ ይዞ በረድፎቹ መካከል እየዞረ፣ ላለቀሰ ያድላል፤ ያላለቀሰውን በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቀዋል። የሳቅ ዘበኛው ደግሞ ያለቦታው የሚስቀውን ሊይዝ በር ላይ ይቆማል። ለዚህ ሹመት የሚመረጠው ሰው ቀልድ ገብቶት የማያውቅ መሆኑ በሦስት ምስክር ይረጋገጣል። ከሁሉ በላይ የመስኮቱ ባላምባራስ አለ።

የወንዙ ምዕራፍ በጣም ከመወደዱ የተነሣ በየአራተኛው እሑድ ይደገማል። ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ አያ ድንቁ የሚባሉ ጫማ ሠሪ፣ ልጃቸው እንጉዳይ ጎትታ አምጥታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አርባ ዓመት ከቆዳና ከወስፌ ጋር የኖሩ፣ አገሩ ሁሉ የእጃቸውን ጫማ የሚረግጥ ሽማግሌ ናቸው። ንጉሡ ወንዝ ገባ። ጫማውን አገኘ። ክንዱ ላይ አጋደመው። አዳራሹ ማልቀስ ጀመረ።

አያ ድንቁ ሳቁ።

ከሆድ የወጣ፣ ማንንም ለመንካት ያልታሰበ ሳቅ ነበር። ምስሎቹ ቆሙ። የሳቅ ዘበኛው መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ይቅርታ፣ አመለጠኝ።»

ዘበኛው «ለምን?» ሊል አፉን ሲከፍት ባላምባራሱ ጮኸበት። «እንዳትጠይቅ! የሳቁበትን ምክንያት መናገር ሁለተኛ ሳቅ ነው፤ መስማት ደግሞ ሦስተኛ!» ሕጉ እንዲህ ነበር። ስለዚህ አያ ድንቁ ለምን እንደሳቁ ማንም ሳያውቅ ታሠሩ።

ቅጣቱ ጨው ጉድጓድ ነው። ጨው ጉድጓድ የወረደ ሽማግሌ አንድ ክረምት አያልፍም። ሰኞ ዳኛው አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ዝም ተባለ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሁለተኛ ጠየቀ፤ ዝም ተባለ። በሠላሳኛው ቀን የመጨረሻውን ይጠይቃል። የሁሉም ሰው እግር የአያ ድንቁን ጫማ ተጫምቶ በፍርድ ደጅ ይቆማል፤ የሁሉም አፍ ዝም ይላል።

በሃያኛው ቀን እንጉዳይ ወደ ምናሉ ክፍል ገባች።

«ምናሉ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ዛሬስ ምን አሉ?» አለችው። አገሩ ሁሉ እየሳቀ የሚለውን ሳትስቅ አለችው።

«ዛሬ የሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀን የሚል ሰው የለም።»

«አባቴ በአሥር ቀን ውስጥ ግን ባይ ካላገኙ ይወርዳሉ። እኔ ከገበታቸው ስለምበላ አልችልም። ቤት ለቤት ዞርኩ። በእጃቸው ጫማ የሚምሉ ሰዎች በሩን ዘጉብኝ።» ቁጭ በይ ሳትባል ተቀመጠች። «ዛጎል ስንት ግን አለው?»

«በዚህ መዝገብ ብቻ፣ እስካለፈው እሑድ፣ አራት ሺህ ሰባ ሁለት።» ተጠራጠረና ገጹን ገልጦ አየ። «ሰባ ሦስት።»

«አንዷን ስጠኝ።»

«የኔ አይደሉም እኮ።»

«የማን ናቸው?»

ምናሉ መዝገቡን አዞረላት። እንጉዳይ በጣቷ ሦስተኛውን ዓምድ ተከትላ ወረደች። አባት። አባት። አባት። ገጹ ሙሉ፣ ቀጣዩም ገጽ ሙሉ፣ «ለማን» በሚለው ሥር ያለው «አባት» ብቻ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው? ዛጎል የሚል የለም እኮ።»

«ዓምዱ ጠባብ ነው» አለ ምናሉ። «‹ንጉሥ ዛጎል፣ በመስኮቱ የሚታየው› ብዬ ብጽፍ ወደ ጎን ይፈስሳል። ሰዉም ‹ግን አባት ነው› ስለሚል…አሳጠርኩት።»

እንጉዳይ ቀና ብላ አየችው። «የኔ አባት ታዲያ ምንድን ናቸው? አጎት ናቸው?»

የምናሉ ጆሮዎች ጋሉ። ለሰባት ዓመት አንድም ፊደል ሳይስት የጻፈ ሰው፣ በአንድ መዝገብ ብቻ አራት ሺህ ሰባ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት መሥራቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። መዝገብ ላይ መሰረዝ ደግሞ ክልክል ነው።

በሠላሳኛው ቀን ፍርድ ደጁ ሞላ። አያ ድንቁ እጃቸው ታስሮ ቆመዋል። ዳኛው ገና አፉን ሳይከፍት እንጉዳይ እጅ ነሳችና፣ «ጌታዬ፣ አባቴ ግን ባይ አላቸው። እኔ ያየሁት ብቻ አራት ሺህ ሰባ ሦስት» አለች። መዝገቡ መጣ። ዳኛው ሦስተኛውን ዓምድ አየ።

«እውነትም ‹ለአባት› ይላል። እኚህ ሰው አባት ናቸው?»

«አባቴ ናቸው፤ ይኸው እኔ አለሁ።»

የመስኮቱ ባላምባራስ ተነሣ። «ጌታዬ! በዚህች አገር ‹አባት› ተብሎ ሲጻፍ ማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እነዚህ ግኖች የታላቁ አባት ናቸው። እንዲያውም የምሥራች ነው! ሕዝቡ በፈቃዱ፣ በየእሑዱ፣ አራት ሺህ ጊዜ ዋስ ሆኗቸዋል።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። «እኛ? መቼ?» «እኔ ለቆዳው ነው ያልኩት!» ብለው እትዬ ጠጂቱ ጮኹ። «ለቆዳው ነው ጌታዬ!»

ዳኛው ዝም አሰኛቸው። እንጉዳይ አልተቀመጠችም።

«እሺ፣ የታላቁ አባት ይሁኑ» አለች። «ጸሐፊው ከፊታቸው ያለውን ያንብብልን። ግን ብቻዋን አትቆምም፤ ፊት አላት።»

ምናሉ ባላምባራሱን አየ፣ ዳኛውን አየ። ዳኛው በእጁ ምልክት ሰጠ። ምናሉ አነበበ።

«‹ወንድ ልጁን ለጠላቱ ሰጥቷል፤ ግን አባት ነው።› ‹የወንድሙን መንደር አቃጥሏል፤ ግን ልጆቹን ይወዳል።› ‹ልጁን ግንብ ውስጥ ዘግቶባታል፤ ግን…›»

«በቃ!» አለ ባላምባራሱ።

«ይህን ሁሉ ያደረጉት ታላቁ አባት ናቸው?» ሲል ዳኛው ጠየቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በቅንነት የሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ኧረ ይቅር ይበለን! ያደረገው ዛጎል ነው።»

«ግኑስ?»

«ግኑ የታላቁ አባት ነው።»

«ፊቱ የአንዱ፣ ኋላው የሌላው?»

«እንደዚያ ነው ጌታዬ።»

ዳኛው የሕጉን መጽሐፍ አስመጥቶ ብዙ ገጽ ገለጠ። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀው። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ግን ከፊቷ ተቆርጣ ለማንም አትሰጥም። ፊቷን የሚቀበል ካለ ይቀበል። ከሌለ በወረቀት ያለው ለታላቁ አባትም ለጫማ ሠሪውም አይሆንም። ከአፍ የወጣ ያስፈልጋል።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይህ ሰው ያለቦታው ስቋል። ለዚህ ሰው ግን የሚል አለ? ሦስተኛዬ ነው።»

ነፋሱ የመዝገቡን ገጽ ሲያገላብጥ ይሰማ ነበር። እትዬ ጠጂቱ መሬት አዩ። ባላምባራሱ ጥፍሩን አየ። እንጉዳይ ማንንም አላየችም።

«ስቀዋል» አለ ምናሉ። ድምፁ ቀጭን ነበረ። «ግን ለምን እንደሳቁ አልጠየቅናቸውም።»

ያንኑ ራሱ በመዝገቡ ጻፈው፤ የሚጽፍለት ሌላ ሰው ስላልነበረ። ከጻፈ በኋላ ብዕሩን አስቀመጠና ከወንበሩ ተነሣ። ሥራው እዚያ ላይ አበቃ።

አያ ድንቁ ተፈቱ። አንድ ግዴታ ተጻፈባቸው፤ የወንዙ ምዕራፍ ሲደገም ፊተኛው ረድፍ ላይ እንዲቀመጡ። ቢስቁ ጨው ጉድጓድ የሚወርደው ዋሳቸው ነው።

ምናሉ በማግስቱ ሱቃቸው ሄደ። ትልቅ ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ለማወቅ እንደጓጓ ሰው ሁሉ፣ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራ። በኋላ አልቻለም።

«አያ፣ ለምን ሳቁ?»

«ብነግርህ ሁለተኛ ሳቅሁ ማለት አይደለም?» አሉ አያ ድንቁ፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። «የምትወርደው አንተ ነህ። ይቅርብህ። ይልቅ ጫማህ አልቋል፤ ልሥራልህ።»

ምናሉ እግሩን ሊሰጣቸው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«እግርህን ምን ያደርግልኛል? ክንድህን አምጣ።»

«ክንዴን?»

«እግሩን ባላየውም ክንዱን ያየሁት ሰው ጫማው አይጠፋኝም። ከክርንህ እስከ እጅህ አንጓ ያለው ርዝመት እግርህ ነው። በማንም ላይ ሞክረው። በሕፃን ብትለካው እንደዚያው ነው፤ በንጉሥ ብትለካው እንደዚያው ነው።» ክንዱን በጠፍር ለኩና፣ ጠፍሯን ወደ እግሩ አወረዱለት። ልክ ነበረች። ከዚያ ወሬያቸውን ወደ ዝናቡ መለሱት።

የወንዙ እሑድ ደረሰ። ፊተኛው ረድፍ ላይ አያ ድንቁ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ተቀመጡ። በቀኛቸው እንጉዳይ፣ በግራቸው ምናሉ። በኩራዙ ሥር አዲስ የተሾመ ጸሐፊ ተቀምጧል። የእንባ አጋፋሪው ጨርቁን አዘጋጅቷል። የሳቅ ዘበኛው ዓይኑን ከአያ ድንቁ ላይ አልነቀለም።

ንጉሥ ዛጎል ካባውን አወለቀ። ወንዝ ገባ። ውሃው ወገቡ ደረሰ። ምናሉ ይህን ምዕራፍ ከሰባት ዓመት በላይ አይቶታል፤ ሁልጊዜ የሚያየው ግማሽ ዓይኑ መዝገብ ላይ ሆኖ ነበር። ዛሬ ሙሉ ዓይኑ ነፃ ነው። ሽማግሌው ንጉሥ በጎርፉ ውስጥ ሲወድቅና ሲነሣ እንባው መጣ፤ በጉንጩ ወረደ። ከኋላ «ግን አባት ነው!» ተባለ። ንጉሡ ጫማውን አገኘ። ክንዱ ላይ አጋደመው።

ምናሉ የንጉሡን ክንድ አየ። ጫማውን አየ።

ተረከዙ ከክርኑ ይጀምራል። ጣቱ አንጓው ላይ ያበቃል። ጥላ ነው፣ ብሎ አሰበ፤ ጥላ ወደ መብራት ሲጠጋ ይተልቃል፤ ልሳሳት እችላለሁ። እንደገና ለካ። ክንዱም ጫማውም ከአንድ ቆዳ የተቆረጡ፣ አንድ ላይ የሚተልቁ፣ አንድ ላይ የሚያንሱ ነበሩ። ሦስተኛ ለካ። ከተረከዝ እስከ ጣት፣ ከክርን እስከ አንጓ። ያ ጫማ የትንሽ ልጅ ጫማ አልነበረም። ንጉሡ ዘብ ሳያስከትል፣ ወንዝ ገብቶ፣ አልቅሶ ያቀፈው የራሱን ጫማ ነው።

ምናሉ ሳቀ።

ምስሎቹ ቆሙ። የሳቅ ዘበኛው ግራ ገብቶት መጀመሪያ አያ ድንቁን፣ ቀጥሎ ምናሉን አየ። ከዚያ መጥቶ የምናሉን ትከሻ ያዘ።

«ስም?» አለ አዲሱ ጸሐፊ ከኩራዙ ሥር።

«ምናሉ።»

«ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም፤ ስምህን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከአንድ ደቂቃ በፊት ሃምሳ ግን የተባለበት አዳራሽ ጭጭ አለ። እትዬ ጠጂቱ ብቻ ጎንበስ ብለው አንድ ጫማቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አጋድመው ነበር፤ አንዴ ያዩታል፣ አንዴ ቀና ብለው መስኮቱን ያያሉ።

አያ ድንቁ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። ዋስ ያለው ሰው ለዋሱ ዋስ መሆን ይችል እንደሆነ ሕጉ አይናገርም፤ ሞክሮት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

«ስቋል» አሉ፣ ለመላው አዳራሽ በሚሰማ ድምፅ። «ግን እዩት፣ እንባው አልደረቀም።»

አዲሱ ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። «ምን አጠፋ» በሚለው ሥር ጻፈ። «ማን ግን አለ» በሚለው ሥር ጻፈ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ ጥበቱን አይቶ ቆመ።

«ሙሉ ስሜን ጻፈው» አለ ምናሉ፣ ዘበኛው እየጎተተው። «አታሳጥረው። ቦታ ካነሰህ ወደ ጎን ይፍሰስ።»